«ተርፏል» ብለን የምንዘጋው መዝገብ

የላሊበላ ከተማ ስሟ ራሱ የወሊድ ታሪክ ነው። አባቶች ሲተርኩ፣ ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ ልጇ እንደሚነግሥ ተናገረች፤ ስሙም ከዚያ ወጣ ይላሉ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታን ልደትና የቅዱስ ላሊበላን ልደት አንድ ላይ እናከብራለን። ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ለመስማት ሕዝቡ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ሕፃን በተወለደባት ሰዓት የሆነው ነገር ዕድሜ ልኩን ሊከተለው እንደሚችል ለላስታ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኔም ዛሬ የማነሣው ይህንኑ ነው፤ በሌላ በኩል ግን። የማወራው ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ብርድ፣ ስለ ጡትና ስለ ጨው ነው።

ስለ ወሊድ በየስብሰባው የምንሰማው ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው፤ የሞተና የተረፈ። እናት ሞተች ወይስ ተረፈች? ሕፃኑስ? «ተርፏል» ከተባለ መዝገቡ ይዘጋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል። ደስታው ተገቢ ነው። ግን በሁለቱ መካከል ማንም የማይቆጥረው ሦስተኛ ሕፃን አለ። ይህ ሕፃን ተርፏል፤ የተረፈው ግን ተጎድቶ ነው። በስድስት ወሩ አንገቱ አልቀና ይላል። በሁለት ዓመቱ አይቆምም። ወይም ደግሞ ቆሞ፣ ሮጦ፣ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ፊደል አልገባ ሲለው «ደደብ» ይባልና ከብት ጥበቃ ይመለሳል። የዚህን ልጅ ችግር ከተወለደባት ሰዓት ጋር የሚያገናኝ ሰው ብዙም የለም። እኔ የምለው፣ ይህን ሦስተኛ ሕፃን መቁጠር እስካልጀመርን ድረስ ልንከላከልለትም፣ ልንደርስለትም አንችልም ነው።

«ሲወለድ አላለቀሰም ነበር»

እንዲህ ያሉ ልጆች ያሏቸውን እናቶች ስለ ወሊዱ ጠይቄ አውቃለሁ። ወሬው ይመሳሰላል። «ሁለት ቀን አማጥኩ። ሲወለድ አላለቀሰም ነበር፤ ውኃ ረጭተው፣ መቀመጫውን መትተው ነው ነፍስ የዘራው» ትላለች አንዷ። «ታዲያ አሁን ምን ነካው ይላሉ፣ እትዬ?» ስላት «የሰው ዓይን ነው እንጂ ልጄስ ደህና ነበር» አለችኝ። መልሱን ራሷ ተናግራዋለች፤ ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዝላት ሰው ግን አላገኘችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ የሚተነፍሰው በእናቱ በኩል ነው፤ ኦክስጅኑ በእንግዴ ልጅና በእትብት አድርጎ ይደርሰዋል። በምጥ ጊዜ ማኅፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ ሕፃኑ የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ይቀንሳል፤ ምጡ ፋታ ሲሰጥ ደግሞ ይመለሳል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል። ምጡ ከልክ ሲያልፍ፣ ሕፃኑ አልወርድ ሲል፣ እትብቱ ሲታነቅ፣ ወይም እናቲቱ ብዙ ደም ሲፈሳት ግን ፋታው አይበቃም። ገና የተወለደ ሕፃን አንጎል ክብደቱ የአዋቂ ሰው አንጎል ሩብ ያህል ቢሆንም፣ ሰውነቱ ከሚያቃጥለው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነው። ስለዚህ ኦክስጅን ሲቋረጥ መጀመሪያ ከሚጎዱት መካከል አንጎሉ አለ።

ጉዳቱም አንዴ ደርሶ አያበቃም። ሕፃኑ ነፍስ ዘርቶ፣ ሁሉም እፎይ ካለ ከሰዓታት በኋላ ሁለተኛ የጉዳት ማዕበል ይመጣል፤ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ሕዋሶቹ መሞታቸውን ይቀጥላሉ። በሁለተኛው ቀን ሕፃኑ ጡት አልይዝ የሚለው፣ የሚዝለፈለፈው፣ ወይም እጅና እግሩ የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሰፈር ውስጥ «ለከፈው» የምንለው አንዳንዱ ነገር ይኼ ነው።

አሁን ደግሞ ተስፋ የሚሰጠውን ልንገራችሁ። ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ሲወለድ ለመተንፈስ እገዛ ይፈልጋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅና ጀርባቸውን ማሸት ይበቃቸዋል። ከ100 ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑት ብቻ ናቸው በእጅ በሚጨመቀው ፊኛ፣ ጤና ባለሙያዎቻችን «አምቡ ባግ» በሚሉት፣ አየር የሚያስፈልጋቸው። ከዚያ በላይ ሕክምና የሚፈልጉት ከ100 አንድ አይሞሉም። ሥራው ደግሞ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። አዋላጆች «ወርቃማዋ ደቂቃ» ብለው የሚማሯት እሷ ናት።

«ማሽን ቢገዛ አይሻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በሀብታም አገሮች የታፈነ ሕፃንን ሰውነት ለሦስት ቀን በማቀዝቀዝ የአንጎሉን ጉዳት ይቀንሳሉ። ይኸው ሕክምና በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ትልልቅ ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን፣ ሞትና የአካል ጉዳትን በአንድነት አልቀነሰም፤ እንዲያውም የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ካልቀዘቀዙት ይበልጥ ነበር። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ዋናው መድኃኒት ያለው ከመታፈኑ በፊትና በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ይህ ነው።

ከቃሬዛ እስከ ጤና ጣቢያ

አገራችን በዚህ ረገድ ምንም አልሠራችም ማለት ግፍ ነው። በ1997 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ነበሩ። በ2003 ዓ.ም 10፣ በ2008 ዓ.ም 26፣ በ2011 ዓ.ም 48 ደርሰዋል። በ14 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ድካም ነው።

ከዚሁ ጎን ግን ሌላ ቁጥር አለ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናት በ2008 ዓ.ም ከ1,000 ውስጥ 29፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 33 ሆነው ተገኙ። ጥናቶቹ መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ «ጨመረ» ብሎ መደምደም አይቻል ይሆናል፤ አልቀነሰም ማለት ግን ይቻላል። በተቋም መውለድ በእጥፍ ሲጠጋ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ካልቀነሰ፣ ችግሩ ከመንገዱ ወደ ማዋለጃ ክፍሉ እየገባ ነው ማለት ነው። ሞት ባልቀነሰበት ቦታ ደግሞ ተጎድቶ የሚተርፈው ይቀንሳል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

የጤና ባለሙያዎች ስለ «ሦስቱ መዘግየቶች» ይናገራሉ፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ እርዳታ ለማግኘት መዘግየት። ሦስቱንም ላስታ ላይ በዓይናችን እናያቸዋለን።

የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው። «በሽልም ያውጣሽ» ብለን መርቀን፣ ምጥ ሲመጣ ማርያምን ተማጽነን፣ አማትና ባል እስኪመክሩ ሌሊቱ ይነጋል። ጸሎቱ ይቅር የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ጸሎቱ አምቡላንስ ውስጥም ይቻላል ነው የምለው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፤ በዙሪያው ያለው አገር ገደልና አቀበት ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ያለች ወላድ በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ እስከ አስፋልት ወይም እስከ ጠጠር መንገዱ ትወርዳለች። ከላሊበላ ሆስፒታል በላይ የሆነ ሕክምና ካስፈለጋት ደግሞ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ መሄድ አለባት። መንገዱን በአንድ ዓመት መቀየር አይቻልም። የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ ወርዳ ጤና ጣቢያው አጠገብ እንድትቆይ ማድረግ ግን ይቻላል። የእናቶች ማቆያ የተሠራው ለዚህ ነው። ኅብረተሰቡ እህልና ማገዶ አዋጥቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ገንፎ ተገንፍቶ እናቶች እንደ ቤታቸው የሚያርፉባቸው ማቆያዎች በአገሪቱ በየቦታው አሉ። ቤት ትታው የመጣቻቸውን ልጆች የሚጠብቅላት ሰው ከተገኘ፣ ብዙ እናት ትመጣለች።

ሦስተኛው መዘግየት በዝምታ የሚታለፈው ነው። አምቡ ባግ ጤና ጣቢያው ውስጥ አለ፤ ግን መጋዘን ተቆልፎበታል። ወይም ጭምብሉ የትልቅ ሰው ነው። ወይም ሚድዋይፏ ሥልጠናውን ከወሰደች ሦስት ዓመት ሆኗት፣ ከዚያ ወዲህ በእጇ ነክታው አታውቅም። ይህ የማንንም ስም ለማንሣት የሚባል አይደለም፤ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። እጅ ካልተለማመደ በጭንቅ ሰዓት አይታዘዝም። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ በአሻንጉሊት ላይ መለማመድ በጀት አይጠይቅም።

አራስ ቤት ያለው ጨለማ

የሕፃኑን አንጎል የሚነካው ግን የምጡ ሰዓት ብቻ አይደለም። ቀጣዮቹ ቀናትም አሉ፤ እነሱ ደግሞ በአብዛኛው በእጃችን ናቸው።

አንደኛው ብርድ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የላይ ቀበሌዎቹማ ውርጭ ናቸው። ሕፃን ርጥብ ሆኖ ይወለዳል። ወዲያው ካልደረቀ፣ ይባስ ብሎ ወዲያው ከታጠበ፣ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሰውነቱን ለማሞቅ ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ አንጎሉ ደግሞ የሚሠራው በዚያው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ባይታጠብ ይሻላል የሚለው ለዚህ ነው። ዋናው ማሞቂያ የእናት ደረት ነው። ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናትን ራቁታቸውን ከእናት ደረት ጋር አጣብቆ ማቆየት፣ «የካንጋሮ እንክብካቤ» የሚባለው፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ የተጀመረው ሆስፒታሉ በቂ ማሞቂያ ስላልነበረው ነው። በዚህ መንገድ ያደጉ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ያነሱ፣ ጠባያቸውም የረጋ ሆኖ ተገኝቷል። የድሃ አገር ብልሃት ነው፤ ለእኛም ይሆናል።

ሁለተኛው ጡት ነው። በአካባቢያችን ሕፃን ሲወለድ ቅቤ ማስላስ፣ እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት አሁንም አልጠፋም። ለጥጃ እንገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ገበሬ ለራሱ ልጅ ሲሆን መድፋቱ ይገርማል። በመጀመሪያዋ ሰዓት የሚጠባ ሕፃን ስኳሩ አይወርድም፣ ከኢንፌክሽንም ይጠበቃል፤ ወደ አንጎል የሚዘልቅ ኢንፌክሽን ደግሞ ከተረፉት ብዙዎቹን መስማት ወይም ማየት አሳጥቶ የሚሄድ ነው።

ሦስተኛው ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ» ከምንለው ጋር የሚመሳሰለው የሕፃን ቢጫ መሆን ነው። ብዙ ሕፃናት በተወለዱ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ትንሽ ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኛው በራሱ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን የታየ፣ ወይም እስከ መዳፍና ውስጥ እግር የወረደ፣ ወይም ሕፃኑን ጡት የሚያስጠላ ቢጫነት ግን አደገኛ ነው። ቢጫ የሚያደርገው ነገር ከልክ ሲያልፍ አንጎል ውስጥ ገብቶ መስማትንና የሰውነት እንቅስቃሴን ለዘላለም ያበላሻል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብርሃን ነው። ይህን ያገኙት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ሆስፒታል የነበሩ ነርስና ሐኪሞች፣ ደጅ ፀሐይ ያገኛቸው ሕፃናት ቢጫነታቸው ሲቀንስ አይተው ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ የእኛን አራስ ቤት አስቡት። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮት የለም ወይም ተሸፍኗል፣ ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሏል። ብርድና የሰው ዓይን እንዳያገኘው ነው፤ ከፍቅር የመጣ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ግን የሕፃኑን ቢጫነት ማን ያየዋል? በቀን አንድ ጊዜ በር ላይ አውጥቶ የዓይኑን ነጭና ድዱን መመልከት ምንም አያስወጣም። ቢጫ ከሆነ ፀሐይ ማሞቅ ብቻውን ሕክምና አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በ2011 ዓ.ም ጥናት ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት ከሦስት እናቶች አንዷ ገደማ ብቻ ነበሩ። የክርስትናው 40ና 80 ቀን እስኪደርስ አራሷና ሕፃኑ ከቤት የማይወጡ ከሆነ፣ ባለሙያዋ ወደ እነሱ መሄድ አለባት።

ከምጡ በፊት ያለው ረሃብ

ወደ ኋላም መመለስ አለብን፤ አንጎል የሚሠራው ገና በማኅፀን ነውና። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ ደገኛ ሰው ያውቀዋል፤ እንቅርት የደጋ ሰው ጌጥ እስኪመስል የተለመደ ነበር። እንቅርት የአዮዲን እጥረት ምልክት ነው። አዮዲን ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ ደግሞ መልኩ ደህና ሆኖ የመማር አቅሙ የቀነሰ ሊሆን ይችላል። ሰቆጣ በድሮ ዘመን የታወቀች የአሞሌ ገበያ ነበረች፤ ይህ አገር ጨውን ያውቃል። በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። ቢሆንም ገበያ ላይ በስፍር የሚሸጥ ጥሬ ጨው አሁንም አለ። የልጅህን አእምሮ በጥቂት ብር ልዩነት አትሽጥ እላለሁ።

የምግቡ ነገር ከዚህም ይከብዳል። በአማራ ክልል ከ10 ሕፃናት 4ቱ ገደማ ከዕድሜያቸው ያጠሩ ናቸው። መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአንጎልም ነው። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ አንሄድም። የ1977ቱ ረሃብ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ስቴፈን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ረሃቡ ሲከፋ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ልጆች አድገው ሲለኩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ቀንሶ ተገኝተዋል። እነዚህ እንግዲህ «ተረፉ» የተባሉት ናቸው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በጎረቤታችን ከተማ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። እስከ 2022 ዓ.ም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል ተገብቷል። ጊዜው እየደረሰ ነው። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ግን ከቡግና የሰማነው ወሬ ስለ ተራቡ እናቶችና ስለ ተጎዱ ሕፃናት ነበር።

እዚህ ላይ የንስሐ አባቶቻችን ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጾምን በተመለከተ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክር ቤተ ክርስቲያን በር አልዘጋችም። ብዙዋ እናት ግን «ሰው ምን ይለኛል» ብላ፣ ወይም ኃጢአት መስሏት ዝም ትላለች። አባ ራሳቸው ቀድመው «ልጄ፣ አንቺ አሁን ለሁለት ነሽ፤ ብዪ» ቢሏት፣ ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

እናትን አትክሰሱ

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ነገ ሄዶ የተጎዳ ልጅ ያላትን እናት «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» እንዳይላት እፈራለሁ። የልጅ አንጎል ጉዳት ሁሉ ከወሊድ ሰዓት የሚመጣ አይደለም። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል የሕፃናትን የአካል መገታተር ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያያዘው። በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ፣ ያ በሥነ ልቦና የምናውቀው፣ «ምናልባት ወሊዱ ያስቸገረው ሕፃኑ ቀድሞም በማኅፀን ስለተጎዳ ይሆናል» የሚል ሐሳብ አነሣ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዳንዱ ከማኅፀን ይመጣል፣ አንዳንዱ ከዘር፣ አንዳንዱ ያለ ጊዜው ከመወለድ፤ የእኛ ዓይነት አገር ላይ ደግሞ ከመታፈን የሚመጣው ድርሻ ከሀብታሞቹ አገሮች ይበልጣል። በየትኛውም ቢሆን ግን እናት ጥፋተኛ አይደለችም። ኃጢአትም፣ እርግማንም፣ የሰው ዓይንም አይደለም።

«እናቶቻችን ቤታቸው ወልደው አይደል ያሳደጉን?» የሚለውንም እሰማለሁ። እውነት ነው። ግን ይህን የምንለው እኛ የተረፍነው፣ ያውም ደህና ሆነን የተረፍነው ነን። ያልተረፈው አይናገርም። ተጎድቶ የተረፈውም ጓዳ ተቀምጧል፤ ማንም አልጠየቀውም።

ጦርነቱንም ሳላነሣ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ እጅ ስትቀያየር ከርማለች፤ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል፤ መብራትም ለወራት አልነበረም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም መጨረሻም ከተማዋ ውስጥ ተኩስ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ምጥ አልቆመም። በእነዚያ ወራት የተወለዱ ልጆች አሁን ትምህርት ቤት እየደረሱ ነው። መንገድ ሲዘጋ የሚሞተውን እንሰማለን፤ አምቡላንስ ሁለት ሰዓት ኬላ ላይ ሲቆም የሕፃኑ አንጎል ምን እንደሚሆን ግን ማንም አይዘግብም። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ያለ፣ ወላድ የጫነ መኪና ሲመጣ በሩን ይክፈት። ይህን ለመጠየቅ የፖለቲካ ሰው መሆን አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

እኔ የምጠይቀው አምስት ነገር ነው፤ አንዱም ተአምር አይደለም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የማዋለጃ ክፍል የሚሠራ አምቡ ባግ፣ ለጨቅላ የሚሆኑ ሁለት መጠን ጭምብሎች ጭምር፣ ከአልጋው አጠገብ ይኑረው። ልምምዱም በየሳምንቱ ይሁን። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው መዝገቡን ሳይሆን ይህን ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሲወለድ ያላለቀሰ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በጣም ቢጫ የሆነ ወይም የተንቀጠቀጠ ሕፃን በክትባት ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግበት። አዋላጆቻችን በአምስት ደቂቃው የሕፃኑን ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ መልክ፣ ጥንካሬና ምላሽ አይተው ከ10 ነጥብ ይሰጡታል፤ አሜሪካዊቷ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር በ1952 እ.ኤ.አ. ያመጣችው ዘዴ ነው። ነጥቡ ከወረቀቱ ላይ ተቀብሮ አይቅር፤ ከልጁ ጋር ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ልጁ ለክትባት ሲመጣ ክትባቱን ወግቶ መሸኘት ብቻ አይሁን። አንገቱ ቀንቷል? በዘጠኝ ወሩ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል? በ18 ወሩ ይራመዳል? ድምፅ ሲሰማ ይዞራል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተለዋዋጭ ነው፤ ቶሎ የተያዘ ልጅ በማንቀሳቀስ፣ በማናገር፣ በማጫወትና በመመገብ ብዙ ያተርፋል። በአምስት ዓመቱ የተደረሰበት ግን ብዙ ዕድል አምልጦታል።

አራተኛ፣ ካህናትና የልምድ አዋላጆች እንደ ተቀናቃኝ አይታዩ። ሌሊት ቀድመው የሚጠሩት እነሱ ናቸው። «አሁኑኑ ውሰዷት» የሚለው ቃል ከእነሱ አፍ ሲወጣ ባልም አማትም ይሰማል።

አምስተኛ፣ መምህራን ሆይ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ፊደል ያልገባውን ልጅ በአለንጋ ከመንካታችሁ በፊት እናቱን አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ «ሲወለድ እንዴት ነበር?» በሏት። መልሷ ልጁን ላይፈውሰው ይችላል። «ሰነፍ» ከሚል ስም ግን ያወጣዋል፤ እርሷንም ለዓመታት ከተሸከመችው ጥፋተኝነት።

ሞትን መቁጠር ለምደናል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። አሁን ደግሞ የተረፉት እንዴት እንደተረፉ መጠየቅ እንጀምር።